አሳይታን በፊኒክስ አልለውጥም

ባለፈው ነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ ተመልሼ አርሊንግተን ያለው ቤቴ ደጃፍ ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ የገበያ ከረጢቶቼን ሳወርድ፣ የጎረቤቴ የሣር ማጠጫ በድንገት ተነሣና ውሃውን ከሣሩ አሳልፎ በድርቅ በተሰነጣጠቀው ጥቁር መሬት ላይ ረጨው፤ ለሳምንታት ፀሐይ የጠበሰው አፈር ውሃ ሲጠጣ የሚያወጣው ያ ጠረን መጥቶ አፍንጫዬን ሞላው። የያዝኩት ወተት እጄ ላይ እስኪሞቅ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። ለሌላው ሰው ይህ የዝናብ ሽታ ነው። ለእኔ ግን ዝናብ ከማይዘንብበት አገር የመጣ ሽታ ነው፤ የቦይ ሽታ፣ የጥጥ እርሻ ሽታ፣ የአባቴ ሱሪ ጫፍ ሽታ።

አባቴ ሰይድ የተወለደው አሳይታ ነው። አያቴ ከባቲ ለንግድ ወደ አፋር ቆላ ወርዶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። አባዬ ደግሞ ካደገ በኋላ በጥጥ እርሻው ላይ የመስኖ በሮችን የሚከፍትና የሚዘጋ ሠራተኛ ሆነ፤ ገበሬውም ጥጥ ለቃሚውም «የውሃ አባት» ይሉት ነበር። ዲቪ ደርሶት እናቴንና እኔን ይዞ ቴክሳስ ሲገባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እዚህ የውሃ አባትነቱ ቀረና ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ የታክሲ ሾፌር ሆነ፤ እናቴም አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሥራ ያዘች። ሌላው ሐበሻ የዳላስ ሙቀት ፈጀን እያለ ሲያማርር አባዬ በሐምሌ ጃኬት ለብሶ ይወጣ ነበር። በእሱና የደሴ ልጅ በሆነችው እናቴ መካከል የነበረው የማያባራ ጠብ የኤሲ ጠብ ብቻ ነበር፤ እሷ ታበርዳለች፣ እሱ ውሃ የሚጠጣ መስሎ ይነሣና ያጠፋዋል፣ እሷ ደግሞ ላብ ሲያጠምቃት ትነቃበታለች።

ነገሩ የሆነው ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሁለት ሺህዎቹ መጨረሻ ነበር፤ የቤንዚን ዋጋ ጣሪያ ነክቶ የኤርፖርት ሾፌሮች ሌላ ወሬ ያልነበራቸው ጊዜ። የማኅበራዊ ጥናት መምህርታችን ሚስ ኮሊንስ እያንዳንዳችን አንድ ከተማ መርጠን እንድንጽፍ፣ ከዚያም ወላጆች በሚጋበዙበት ቀን ክፍሉ ፊት ቆመን እንድናነበው አዘዘችን። ሥራው እንደዋዛ የሚታይ አልነበረም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሃይስኩል ስንገባ ለጎበዝ ተማሪዎች የተለየው አድቫንስድ ክፍል የሚገቡት የሚለዩት በከፊል በዚያ ውጤት ነበር። እኔ ደግሞ ለማለፍ አንድ ስንዝር የቀረኝ ተማሪ ነበርኩ።

ልጆቹ ፓሪስን፣ ቶኪዮን፣ ኒውዮርክን ተሻሙ። እኔ አሳይታ ብዬ ጻፍኩ። ሚስ ኮሊንስ ኮምፒውተሯ ላይ ፈልጋ ያገኘችው ጥቂት መስመር ብቻ ነበር፤ በረሃ፣ ጨው፣ የጥንት ሰው አጥንት፣ በዓለም ላይ እጅግ ሞቃት ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ። ስለ እርሻ አንዲት ቃል አልነበረም። እኔ ጥጥ፣ በቆሎ፣ ቴምር እያልኩ ስዘረዝርላት ግራ ገባት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ያለችኝንም ያለችኝ በደግነት ነው። ሁለት የታተሙ ምንጮች ካላመጣሁ ውጤት ልትሰጠኝ እንደማትችል ነገረችኝና፣ በእርሻ ሸለቆ ውስጥ ስላለች የበረሃ ከተማ መጻፍ ከፈለግሁ ፊኒክስ እንዳለች፣ ላይብረሪውም ስለ እሷ በተጻፈ መጽሐፍ የተሞላ መሆኑን አስረዳችኝ።

እራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት። ጉርሻውን አላምጦ ዋጠና፣ «የፊኒክስ ወንዝ ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደማላውቅ ነገርኩት። «ወንዟን የማታውቂውን ከተማ እንዴት ትጽፊያታለሽ?» አለኝ። ቁጣው ግን የዚያን ቀን ብቻ እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል። ኤርፖርት ተራ ይዘው የሚጠብቁ የአገሩ ልጆች ሳይቀሩ አሳይታ ነው የተወለድኩት ሲላቸው፣ እዚያ ደግሞ ሰው ይኖራል እንዴ እያሉ ይስቁበት ነበርና።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ የከሰዓት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሻዩን ይዞ ይጠብቀኝ ጀመር። እሱ ያወራል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፤ የረሳሁትን ያስታውሰኛል፣ እሱ የዘለለውን እኔ እጨምራለሁ። አሳይታ ዝናብ የለም ብለሽ ጀምሪ አለኝ፤ ዝናቡ የሚዘንበው ደጋ ነው፣ ውሃው ግን ለእኛ ይደርሳል። እውነቱን ነበር፤ በክረምት ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና ሳትታይ አዋሽ አፈር መስሎ፣ ግንዱንም የሞተ ፍየሉንም ተሸክሞ፣ ሞልቶ ከተፍ ይላል። ከተማዋ ከወንዙ በላይ ከፍ ያለ ዳርቻ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከደጃችን ቆሜ አንገቴን ወደ ቀኝ ሳዞር ድንጋይና አሸዋ፣ ወደ ግራ ሳዞር ደግሞ ዓይን እስኪደክም ድረስ የተዘረጋ አረንጓዴ ማሳ ነበር የማየው። እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ውሾች እንኳ እርጥብ ቦይ ፈልገው ይተኛሉ፤ ከሰዓት በኋላ አሸዋ ያዘለው ነፋስ ሲነሣ እናቴ ድስቷን በሁለት ክዳን ትከድን ነበር። በገበያ ቀን አፋሮች ግመሎቻቸውን እየሳቡ፣ ቅቤና ሰሌን ጭነው ይመጣሉ፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ግመል እንደጠፋ አንድ በአንድ ሳይነጋገሩ አይላቀቁም። ይህንን ዳጉ ይሉታል። አባዬም ልማዱ አልለቀው ብሎ፣ ከዳላስ ኤርፖርት የሚያሳፍረውን ሰው ሁሉ የመጣበት አገር ዘንቦ እንደሆነ ይጠይቅ ነበር፤ አንዳንዱ ተሳፋሪ የአየር ሁኔታ ጥናት የሚሠራ ሰው ይመስለዋል።

ከሁሉም በላይ ትዝ የሚለኝ ቦዩ ነው። አባዬ የብረቱን በር በእጅ መዘውር እያዞረ ሲያነሣው ብረቱ ያቃስታል፣ መጀመሪያ ቀጭን ውሃ ይሾልካል፣ ቀጥሎ ቡናማው ውሃ ገለባውንና እንቁራሪቱን ከፊቱ እየገፋ ደረቁ ቦይ ውስጥ ሲገባ አፈሩ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያሰማል። እኔ ከውሃው ፊት ፊት እሮጣለሁ፤ የቀደምኩት ይመስለኛል፤ አባዬ ከኋላ ሆኖ አትልፊ፣ ይደርስብሻል እያለ ይስቃል። ይህን ሁሉ ጽፈን ወንዙ መጨረሻው የት ነው የሚለው ላይ ስንደርስ አባዬ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። «ሌላው ወንዝ ባሕር ይገባል፤ አዋሽ ግን እኛው ጋ መጥቶ ነው የሚያልቀው። ይቺን በደንብ ጻፊያት» አለኝ።

ለንባቡ ሁለት ቀን ሲቀረው አጎቴ ከአሳይታ ደወለ። ከሰላምታው በኋላ ጥጡ እየተነቀለ መሆኑን ነገረን፤ መሬቱ ለሸንኮራ አገዳ ሊሆን ነው፣ አዲስ ሰፊ ቦይ እየተቆፈረ ነው፣ የድሮዎቹም በሮች ተነቅለው ብረታቸው ሜዳ ላይ ተከምሯል። አባዬ ስለ በሮቹ ስለ ሰው እንደሚጠይቅ አንድ በአንድ ጠየቀው፤ የላይኛው፣ ከቴምሩ ሥር ያለው፣ ያ ጠማማው። ለሁሉም መልሱ አንድ ነበር። ስልኩን ዘጋና ሻዩን ሳይነካው ወደ ሥራው ሄደ።

በማግስቱ የተጻፈውን እንዳለ ተይው አለኝ። ጥጡ ተነቅሏል ብዬ መጨረሻው ላይ ልጨምርበት ወይ ብዬ ስጠይቀው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «እንዳለ አድርገሽ አንብቢው፣ ፋጤ። ለአንድ ቀን እንኳ ይኑር።»

በንባቡ ቀን አባዬ ለዒድ ብቻ የሚያወጣውን ኮት ለብሶ መጣና ለልጅ በተሠራች ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደርሶ፣ ከኋላ ተቀመጠ። ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ በዝግታ አነብ ነበር፤ ውሃው ቦዩ ውስጥ የሚገባበት ጋ ስደርስ ግን ድምፄ ከፍ አለ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ በረሃ ላይ እርሻ የለም ብሎ ሳቀ፣ ጥቂቶችም ተከተሉት። ሚስ ኮሊንስ ዝም አሰኘቻቸውና ምንጬ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አባቴ ነው አልኳት። ቀጥላ ማንኛዋም ጎበዝ አስተማሪ የምትጠይቀውን ጠየቀችኝ፤ አሁንም እንደዚሁ ነው ወይ አለችኝ።

አዎ ብላት ማንም ሄዶ አያጣራም ነበር። ዞሬ አባዬን አየሁት። እሱም ወንበሯ ተጣብቃበት አብራው እንዳትነሣ በእጁ እየገፋት ተነሣና በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ቀስ ብሎ ተናገረ።

«አሁን እንደዚያ አይደለም» አለ። «ጥጡን ነቅለውታል፣ በሮቹንም ነቅለዋል። እንዳለ አድርገሽ አንብቢ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጄ ግን የፈጠረችው ነገር የለም። ያንን ውሃ ሃያ ዓመት የከፈትኩት በእነዚህ እጆቼ ነው።»

እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ጥቂት ቆየ፤ የሳቀው ልጅ ሳይቀር እጆቹን ያይ ነበር። ከዚያ ወዴት እንደሚያደርጋቸው የጠፋው ይመስል ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቷቸው ተቀመጠ።

ክፍሉ ሲበተን ሚስ ኮሊንስ ሁለታችንንም አስቀረችን። ጽሑፉ እንደነካት ነገረችን፤ ዓይኗም ይመሰክርላት ነበር። ደንቡን ግን አልተወችም። ምንጭ የለውም፣ የተጻፈውም አሁን ያለው እንዳልሆነ ራሳችን ተናግረናል፣ ስለዚህ የማለፊያ ውጤት ልትሰጠው አትችልም። ሆኖም እስከ ሰኞ ስለ ፊኒክስ ጽፌ ካመጣሁ እንደ አዲስ ልትቀበለኝ፣ አድቫንስድ ክፍል እንድገባም ራሷ ልትጽፍልኝ ቃል ገባች። አባዬ ወደ እኔ ዞረ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

«አልፈልግም፣ ሚስ» አልኳት። «ከተማዬን ጽፌያለሁ።»

መኪና ውስጥ ስንገባ አባዬ ይኮራብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ሃይዌይ ሳይደርስ አንድ ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ ታጥፎ ሞተሩን አጠፋ፤ መሪውን ግን አልለቀቀም። «ሁለቱንም መጻፍ ትችዪ ነበር እኮ» አለኝ። «ፊኒክስን ብትጽፊላት አሳይታ አትቀየምሽም ነበር። እኔም አልቀየምሽም ነበር።» እኔ ግን ራሴን እቀየመው ነበር አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ፤ ከዚያ መሳቅ ጀመረ፣ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነና ዓይኑን በዒድ ኮቱ እጅጌ ጠረገው። ወረቀቱን ስጪኝ ብሎ ተቀበለኝ፣ በአራት አጣጥፎ መንጃ ፈቃዱ ካለበት ኪሱ ከተተው፤ ከዚያም አይስክሬም ገዝቶልኝ ወደ ቤት ሄድን።

አድቫንስድ ክፍል አልገባሁም። የቅርብ ጓደኛዬ ገባች፣ በዓመቱም በኮሪደር ከመተያየት ያለፈ ግንኙነት አልቀረንም። ዩኒቨርሲቲ የደረስኩት በዙሪያ መንገድ ነው፤ ቀን እየሠራሁ፣ ሁለት ዓመት ኮሙኒቲ ኮሌጅ ቆይቼ። ዋጋ አልከፈልኩበትም ብል ውሸት ይሆናል። ሚስ ኮሊንስ ዛሬ ያንኑ ብትጠይቀኝ ግን የምመልስላት ያንኑ ነው።

ካደግሁ በኋላ አንድ ጊዜ አሳይታ ሄጃለሁ። እኛ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ሌላ ቤት ቆሟል፣ በሮቹ የነበሩበትን ያሳዩኝ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ሦስት ቦታ ጠቁመውኝ ስለ ሦስቱም ተጠራጠሩ። እንደ ልጅነቴ ጊዜ ከለቀማ ስትመለስ ጥጥ ከፀጉሯ ላይ የምታራግፍ ሴት መንገድ ላይ አላየሁም። በልጅነቴ ከውሃው ፊት የሮጥኩበት መሬት የት ጋ እንደሆነ እኔም አላወቅሁትም። ወንዙ ግን እዚያው ነበር፤ ዳርቻው ላይ ተቀምጬ በማላውቀው ደጋ የጣለውን ዝናብ ሲያልፍ አየሁት፤ ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይሄድ ነበር።

አባዬ ያረፈው ካቻምና ነው። የሞት ምዝገባውን የምትሞላው ጸሐፊ የትውልድ ከተማ የሚለው ጋ ስትደርስ የነገርኳትን ስም ከኮምፒውተሯ ዝርዝር ውስጥ አጣችው። አገሩን ብቻ ልጻፈው ወይስ ዋና ከተማውን ላድርገው አለችኝ፤ ብዙ ሰው እንደዚያ እንደሚያደርግም ነገረችኝ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሰልፍ ነበር።

«አይሆንም» አልኳት። «እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ጻፊው።»

ወንበሬን ወደ መስኮቷ አስጠግቼ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነገርኳት። ስትጨርስ ስክሪኑን አዙራ እንድታሳየኝ ጠየቅኳት። አንድ ፊደል ዘላ ነበር። ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ አሳየኋት፤ እስክታስተካክለው ድረስም አላነሣሁትም።