የትርንጎ ጠገራ

በዚያ ከሰዓት በኋላ ኢየሩሳሌም፣ ቂርያት ሃዮቨል ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። እኔ ከመስታወቱ ቁም ሳጥን አጠገብ ቆሜአለሁ። ትርንጎ ከበሩ ብዙም ሳትርቅ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆማለች። ልጇ ኦርሊ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ በሁለታችን መካከል ናት፤ ማታ ከሠርጓ በፊት ሂና የምትቀባበት ዝግጅቷ ነው። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ሬዲዮ ያዳምጣል። ከአራታችን እዚያ ቤት ውስጥ ምን እየተደረገ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ባለቤቴ ሳልነግረው ሞተ። ለልጆቼም አልነገርኩም። ዛሬ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

እኔና ትርንጎ ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ እዚህ አብረን ነው የመጣነው። አዲስ አበባ የጉዞ ተራ ስንጠብቅ፣ ትርንጎ ገና ሳትዳር፣ እናቷ ታመው ሞቱ። ትርንጎ ከአንገታቸው ጠገራውን ፈትታ በነጠላዋ ጫፍ ስትቋጥር አጠገቧ ነበርኩ። ጠገራ የምንለው የንግሥት መልክ ያለበትን ትልቁን የድሮ ብር ነው፤ የአገራችን ሴቶች ማንጠልጠያ እያስበየዱ በአንገታቸው ያስሩታል። በነትርንጎ ቤት ሴት ልጅ ስትዳር እናት በገዛ እጇ ታስርላታለች። ስታስርም «ከእናቴ አንገት ወደ አንገትሽ» ትላለች። ያን ሳትል አታስርም።

እዚህ ከደረስን በኋላ ትርንጎ አግብታ ኦርሊን ወልዳ የምትኖርበት፣ ተገጣጣሚ ቤት የተደረደረበት የካራቫን ሰፈር ሌባ በዛበት። ጠገራውን ይዛ መጣችና «እትዬ፣ አደራ። ልጄ እስክትዳር እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ» አለችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ነኝ፤ ሰው ደብዳቤውንም ምስጢሩንም ወደ እኔ ያመጣ ነበር። ተቀበልኳት።

ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩት በዚያው ዘመን ነው። ኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ አንዲት አሮጊት እንከባከብ ነበር። ከሥራ ስወጣ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግንብ አለፍ ብሎ የድሮ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። መስኮቱ ላይ የምኒልክ ብር አይቼ ገዛሁ። ቤት ወስጄ እናቶቻችን ጌጥ እንደሚያጸዱት በሎሚና በአመድ ፈትጌ አበራሁት። ሻጩ ሲያየው ሳቀብኝ፤ የተፈተገ ሳንቲም ዋጋ የለውም አለ። አፈርኩ፤ ግን ተመልሼ ሄድኩ። የቱርክ ነው ያለኝን ገዛሁ። የሄሮድስ ዘመን ነው ያለኝን ገዛሁ። ባለቤቴ «ሰው ገንዘብ ከፍሎ ዳቦ ይገዛል፤ የኔዋ ገንዘብ ከፍላ ገንዘብ ትገዛለች» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አንድ ቀን ሻጩ ከመሳቢያው ትንሽ ቢጫ ሳንቲም አወጣ። የአክሱም ንጉሥ ወርቅ ነው፣ ለፋሲካ የመጣች ተሳላሚ እያለቀሰች ሸጠችልኝ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ያስመዝነው ነበር። እኔ የጠየቅኩት ስለ ሴትዮዋ ነው፤ ከየት አገር ናት አልኩት። «ከጎንደር» አለኝ። በቃ፣ አመንኩት። በየዓመቱ በዚያ ጎዳና ሲያልፉ የማያቸው ነጭ የለበሱ ሴቶች ፊቴ ድቅን አሉ፤ ሳንቲሙን ካልገዛሁት ባዕድ የሚወስድብኝ መሰለኝ።

የያዝኩት ገንዘብ አልበቃም። ያገርሽ ብር ካለሽ ጨምረሽ አምጪ አለኝ። ጠገራውን ይዤ ስሄድ ዋጋውን ልጠይቅ ብቻ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ዋጋ ለመጠየቅ የተንጠለጠለበትን ክር መፍታት ያስፈልጋል? እኔ ግን ክሩን ቤቴ ፈትቼ፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ነው የሄድኩት። እጄ ከአፌ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ሰጠሁት። የሰው አደራ፣ የሙት አንገት ሰጠሁት።

ያንኑ ሳምንት «ወርቁን» በእርጥብ ጨርቅ ባሸው ቢጫው ጨርቁ ላይ ቀረ። ከሥሩ መዳብ ነው። እየሮጥኩ ተመለስኩ። ጠገራውን ቱሪስት ወስዶታል አለኝ። ተታለልኩ ብዬ ለማን አቤት ልበል? ከመታለሌ በፊት እኔ ሰርቄአለሁ።

ዓመታት አለፉ። ኦርሊ ስትታጭ ከሌላ ሰው ሌላ ጠገራ ገዛሁ። በጠገራ ሁሉ ላይ የሚታተመው ዓመት አንድ ነው፤ መልኩም አንድ ነው፤ ማን ይለየዋል? ታልፒዮት ሰፈር አንድ ጌጥ ጠጋኝ ዘንድ ማንጠልጠያ አስበየድኩበት። የድሮውን ክር ከመሳቢያው አውጥቼ አሰርኩበት። ክሩን ለምን እንዳልጣልኩት ያን ጊዜ ገባኝ።

ጀማሪ ነበርኩ ብዬ አላመካኝም። በሳንቲም ጀማሪ ነበርኩ፤ በአደራ ግን ጀማሪ አልነበርኩም። ይቅርታውም ከአንባቢ የሚጠየቅ አይደለም። የትርንጎ ነው፤ እስከ ዛሬም አልጠየቅኋትም።

በዚያ ከሰዓት በኋላ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ጠገራውን ለትርንጎ ሰጠኋት። መጀመሪያ ክሩን አየች፤ ፊቷ በራ። ከዚያ አውራ ጣቷን በንግሥቲቱ ፊት ላይ አሳለፈች። ቆም አለች። እንደገና አሳለፈች። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። እናቷ አዲስ አበባ ተራ ስንጠብቅ ጠገራውን በአውራ ጣታቸው ሲያሹ ነበር የሚውሉት። ከሳቸው በፊት ደግሞ እናታቸው። የዚያች ንግሥት አፍንጫ አልቆ ፊቷ እንደ ወንዝ ጠጠር ልሙጥ ነበር። የዚህችኛዋ አፍንጫ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስንት ዝባዝንኬ በአጉሊ መነጽር ስመረምር ያን አንድ ጠገራ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

«እትዬ፣ አጠቡት እንዴ?» አለች ትርንጎ ቀስ ብላ።

«አዎ። በሎሚና በአመድ።»

«በዚህ ቤት ያልተፈተገ የቀረሁ እኔ ብቻ ነኝ!» አለ ባለቤቴ ከበረንዳው።

ኦርሊ ሳቀች። «ዮፊ፣ ኢማ!» አለች እናቷን በዕብራይስጥ። «ያምራል፤ አዲስ ይመስላል።» ፀጉሯን ሰብስባ አንገቷን ዝቅ አደረገች። «እሰሪልኝ፣ የሞኒቱ ሹፌር ታች እየጠበቀ ነው።»

ትርንጎ አሰረችላት። ቋጠሮውን አጠበቀች፤ ደግማ አጠበቀች። ኦርሊ እንዳጎነበሰች ቆየች።

«ኢማ፣ የምትዪውስ?»

«ሰው እየጠበቀን ነው፤ እንሂድ» አለች ትርንጎ።

ነጠላዋን አስተካከለች፤ ልጇን አስቀድማ ወጣች።