ውስጡ የሚንኳኳው ሌንስ

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ አባቴ ደግሞ ትዕግሥቱ ለሰፈር ይተርፋል። ሁለታችንን አንድ ሶፋ ላይ አስቀምጦ መሃላችን አዲስ ሌንስ ያኖረ ሰው ጠላታችን መሆን አለበት። ያ ሰው ግን እኔው ራሴ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ልታገባ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ሳለ ፎቶ ቤት ነበረው፤ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከመጣንም በኋላ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዳውንታውን አንድ ሕንጻ ላይ ሰኩሪቲ እየሠራ፣ ቅዳሜና እሁድ የሐበሻውን ሰርግ የሚያነሳው እሱ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ካሜራውን ቁም ሳጥን ውስጥ ከቶ "ሰለቸኝ" አለ። አልሰለቸውም። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እህቴም ታውቃለች፣ እሱም እንደምናውቅ ያውቃል፤ ቃሉን ግን ቤታችን ውስጥ ማንም አይጠራውም። ሻይ ስንቀዳለት ግማሽ ብርጭቆ እንቀዳለን። እሱም እጁን ኪሱ ሲከት "ይሄ ብርድ!" ይላል፤ በሐምሌ ሙቀት እንኳ የሚወቀሰው የካልጋሪ ብርድ ነው።

እህቴ አማርኛዋ ግማሽ ነው፣ እልኋ ግን ሙሉ ነው። "ሰርጉን ማንም ያንሳው፣ አይ ዶንት ኬር። ግን አንድ ፎቶ፣ የእኔንና የባሌን፣ አባዬ ነው የሚያነሳው። ካላነሳኝ፣ ላይክ፣ ሌላውንም አልፈልግም" ብላ ድርቅ አለች። እውነቷን ነው። የሰው ሙሽራ ሲያነሳ ኖሮ የራሱን ልጅ ሳያነሳ ሊቀር? የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄው ነው። እሱ ግን "ሌንሴ አርጅቷል እኮ ልጄ፤ በዚያ ሌንስ ሙሽራ አይነሳም" አላት። እሷም ክፍሏ ገብታ አለቀሰች።

ሰበቡ ሌንስ ነው? እሺ። አዲስ ዙም ሌንስ ገዛሁና ቅዳሜ ጠዋት ስካይቪው ራንች የሚባለው ሰፈር ይዤለት ሄድኩ፤ የሚኖረው እዚያ እህቴ ጋር ነው። ከነካርቶኑ ጭኑ ላይ ሳስቀምጥለት "አሁን ደግሞ ምን ትላለህ?" የሚል ፊት ሳላሳየው አልቀረሁም።

"ኧረ ልጄ፣ ለምን ትቸገሪያለሽ!" አለ። ተነስቶ እጁን ታጠበ። ንጹሕ ፎጣ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈ። መነጽሩን ጠረገ። እኔ በዚህ መሃል ሦስት ጊዜ ቁጭ ብድግ ብያለሁ።

ሌንሱን በግራ እጁ አነሳና መዘነው። "ከበድ ይላል። ጥሩ ነው፤ ቀላል ሌንስና ቀላል ሰው አይታመንም።" ፎጣው ላይ አቁሞ በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። "ይሄኛው ፕላስቲክ ነው፤ ግን ወፍራም ነው፣ ይሁን።" ገልብጦ ካሜራው ላይ የሚገጥመውን አፉን አየና "ብረት! ጎሽ!" አለ። አፉ ዙሪያ ያለችውን ቀጭን ጎማ በጣቱ ዳሰሳት፤ አቧራና ውሃ እንዳይገባ ነው ብሎ ሳልጠይቀው አስረዳኝ። የዙሙን ቀለበት በዚያው በግራ እጁ ዓይኑን ጨፍኖ ከዳር እስከ ዳር አዞረው፣ መለሰው፣ ደግሞ አዞረው። "የትም ቦታ አይጎረብጥም። ቅባቱን ሳይሰስቱ ነው ያደረጉለት።" ከዚያ የሌንሱን አንገት ሰብስቦ ወደ መሬት ደፋውና ጠበቀ። አንዳንዱ ዙም እንዲህ ሲደፉት በገዛ ክብደቱ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ይሄኛው ንቅንቅ አላለም። "ኩሩ ነው" አለ ፈገግ ብሎ።

ያን ፊቱን አወቅኩት። ልጅ ሳለሁ ፎቶ ቤቱ ውስጥ የሰውን አገጭ ቀና እያደረገ "እስቲ ትንሽ ፈገግ" ሲል የነበረው ፊት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሁትም ነበር። ምን ላድርግ፣ ያን ፊት ከምንም ነገር በላይ እወደዋለሁ። ቀኝ እጁ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ፎጣው ሥር ተደብቆ ነበር።

በመጨረሻ ሌንሱን ጆሮው ሥር አድርጎ ወዘወዘው። ቋ፣ ቋ አለ። የአባቴ ፊት ጠቆረ።

"ሰማሽ?"

"ምኑን?"

"ውስጡ ይንኳኳል። ተፈቷል ይሄ ነገር።"

ተቀብዬ ወዘወዝኩት። በስመ አብ፣ እውነትም ይንኳኳል! አባቴ ፎቶ ቤት ሳለ ያገለገለ ሌንስ ሊሸጥለት የሚመጣ ሰው ሲኖር መጀመሪያ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ዝም ያለ ሌንስ ጤነኛ ነው፤ የሚንኳኳ ግን ወይ ወድቋል ወይ ሰው ከፍቶታል፤ ከዚህ ሕግ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። "በይ መልሺው" አለና ክዳኑን ገጠመለት። ድምፁ ውስጥ ሐዘን ነበር፤ ግን እፎይታም ነበር። ደሜን ያፈላው ያ እፎይታው ነው።

"አብረን እንመልሰዋለን! አሁኑኑ! እዚያው ሌላ ትመርጣለህ!"

"አንቺ ሂጂ እንጂ እኔ ምን..."

"ጫማህን አድርግ፣ አባዬ!"

ካሜራውን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩ። ባትሪው ሙሉ ነው። ለካ እህቴ በየጊዜው በድብቅ ቻርጅ ታደርግለት ኖሯል።

ሱቁ ቤልትላይን የሚባለው ሰፈር ነው። እንግሊዝኛ ባለበት ሁሉ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ሥራ ቦታው ምን እንደሚያወራ አላውቅም፤ ከእኔ ጋር ሲሆን ግን "ልጅ ያስተማርኩት ለመቼ ነው?" ብሎ አፉን ይዘጋል። ሱቅ ስንገባም እንደልማዱ ኋላዬ ቆመ። ሻጯ ሽበት ጣል ጣል ያለባት ሴትዮ ናት። ሪሲቱን አሳይቻት ውስጡ እንደሚንኳኳ፣ ሪተርን ማድረግ እንደምንፈልግ ነገርኳት።

ወዘወዘችውና ሳቀች። ሳቋ ክፋት የለውም፣ እኔን ግን አናደደኝ። ከዚያ አስረዳችኝ። ውስጡ ያለ አንድ መስታወት ሆን ተብሎ ልቅ የተደረገ ነው። ካሜራው ሲጠፋ ይንኳኳል፤ ሲበራ ግን ይያዛል፣ እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ እሱ ወደ ግራ እየሄደ ምስሉን ቀጥ ያደርገዋል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው የተሠራ ነው አለች።

"ምን አለች?" አለ አባቴ።

ሁለት ዓመት ስንሸሸው የኖርነውን ቃል ይቺ ሴትዮ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው።

"ሲጠፋ ይላላል፣ ሲበራ ይጠብቃል ነው የምትለው" አልኩት።

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም።"

"ብዙ ነው የተናገረችው እኮ።"

"ፈረንጅ ነገር ያረዝማል፣ አባዬ!"

ከዚያ ትከሻዬን ገፋ አድርጎ አለፈኝና ባንኮኒው ፊት ቆመ። ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ሴትዮዋ ፊት፣ መብራቱ ሥር ዘረጋው፤ ሳይዘው፣ ሳይሸፍነው ተወው። እጁም እንዳሻው ተንቀጠቀጠ።

"ሼክ" አላት። "ፎር ዚስ?"

"የስ፣ ሰር። ፎር ዚስ" አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

ወደ እኔ ዞረ። "ሼክ ማለት መንቀጥቀጥ ነው" አለኝ፣ ፊደል እንደሚያስቆጥረኝ ረጋ ብሎ። "ሐኪሙም ያለኝ ይህንኑ ነው፤ ክፉ በሽታ አይደለም፣ ግን አይተውህም አለኝ። ብቻዬን ሄጄ፣ ያለ አስተርጓሚ። እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

"እኛም ዝም ያልነው አንተ እንዳታፍር ብለን ነው!" አልኩት። ጮኼ ነው መሰለኝ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ።

"እንግዲያው ሦስታችንም ቂሎች ነን" አለ።

ካሜራውን ከትከሻዬ ላይ አወረደና ሌንሱን ገጠመ። አበራው። ጆሮው ሥር አድርጎ ቀስ ብሎ ወዘወዘው፤ አይንኳኳም። ወደ ዓይኑ ሲያነሳው ካሜራው እጁ ላይ ይርገፈገፋል። እኔ መደርደሪያ ተደግፌ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል፤ ያ "ቂሎች" ያለው ደግሞ ሳቄን አምጥቶብኝ ትከሻዬ ይዘላል። "አትነቃነቂ አንቺ!" ቢለኝ ማን ሰምቶት። ቀጭ አደረገው።

ስክሪኑን አጉልቶ ብዙ አየ። እኔም ትከሻው ላይ ተንጠልጥዬ አየሁ። ከኋላዬ የነበረው መደርደሪያ ጥርት ብሏል፤ ካርቶኖቹ ላይ ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ እንኳ ትነበባለች። መሃል ላይ ያለሁት እኔ ግን ጭስ መስያለሁ። "በቃ፣ ተበላሸ" አልኩ።

አባቴ ሳቀ። "ምኑ ነው የተበላሸው? መደርደሪያውን እዪው እንጂ! እጄማ ቀጥ ብሏል። የተንቀጠቀጥሽው አንቺ ነሽ።"

ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። "በይ ለእህትሽ ደውዪላት። አነሳታለሁ፣ ግን እንዳታለቅስብኝ በያት።"

ደወልኩ። እህቴ "ሄሎ? ሄሎ?" ስትል "አንተው ንገራት" አልኩት። ስልኩን ከእጄ ወሰደና እሱ ራሱ ነገራት።