አስቴር ፈተና ላይ የወደቀች ቀን

በ2016 ዓ.ም.፣ ቡናው ተለቅሞ ባለቀበት በበጋው ወራት፣ ጌታ በቤቴ ያደረገውን ልመሰክር ቆሜአለሁ። ብዙ ቃል የለኝም፤ የሆነውን ብቻ እናገራለሁ። ስሙ ይባረክ!

ቅዱሳን፣ ልጄን አስቴርን ታውቋታላችሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ጌታን ከማወቄ በፊት ይህን ስም በቤታችን የሚጠራ አልነበረም፤ “ያ ነገር” ነበር የምንለው። ስትወድቅ ክብሪት ለኩሰን እናሸታታለን፣ ለሃጯ እንዳይነካንም እንርቃለን። ይተላለፋል ይባላላ። አማቴ ክታብ አሰረችላት፣ ጠንቋይ ቤትም ወሰድናት። መውደቋ አልቀረም።

አንድ ቀን እዚሁ ሸኮ ገበያ መካከል ወደቀች። ሰው ዙሪያዋን ከቦ ቆመ። “ክብሪት! ክብሪት የያዘ የለም?” ይላል አንዱ። ጎረቤቴ ዘነበች የምትሸጠውን ሙዝ ጥላ መጣች። ልጄን በጎኗ አስተኛቻት፣ ለሃጯን በነጠላዋ ጠረገችላት።

“ዘነቡ፣ ይይዝሻል!” አሏት።

“ይያዘኝ! እናንተ እንደሁ ስትሸሹ አይቻችኋለሁ፤ እኔ ስወድቅ እሷ ታነሣኛለች።”

ይህችን ሴት እንዲህ ያደረጋት ማን ነው ብዬ አሰብኩ። እሑድ ተከትያት እዚህ መጣሁና ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ!

አማን ሆስፒታል የወሰደችንም እሷው ናት። ሐኪሙ አስቴርን መርምሮ፣ “እናት፣ ይህ የአንጎል ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ኪኒኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ” አለኝ።

ወጥተን ስንሄድ ዘነበችን፣ “ኪኒን ብሰጣት እምነት ማነስ አይሆንብኝም?” አልኳት።

ሳቀችብኝ። “አንቺ ሴት፣ ሲርብሽ ጸልየሽ ጎደሬሽን ትቀቅዪ የለም እንዴ? ጸልዪና ኪኒኗን ስጫት።”

መውደቋ እየራቀ ሄደ። ተምራ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ቴፒ ደረሳት። ጌታ ይመስገን! ነገር ግን እዚያ ለማንም አልተናገረችም። “እማ፣ ካወቁ አብሮኝ የሚያድር አይኖርም። አደራ” አለችኝ። ኪኒኗን ተደብቃ ነበር የምትውጠው።

በዚያ በ2016ቱ በጋ አንድ ፈተና ተፈተነች። ፈተናው ስለ ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኅብረተሰብ ነው፤ ሐሳብን በድርሰት ማብራራት ይጠይቃል። ሳይንስ የአካባቢያችሁን ሰው አኗኗር ወይም አስተሳሰብ እንዴት እንደለወጠ በአንድ ምሳሌ አስረዱ ይላል። አስቴር ስለ ቡና መፈልፈያ ማሽን ለመጻፍ ተዘጋጅታ ነበር። ስታጠና ግን እንቅልፍ አጥታ ከርማለች። ጥቂት እንደጻፈች ወደቀች።

ከዚህ በኋላ ያለውን በስልክ የነገረችኝን ነው የምናገረው። ስትነቃ ተማሪዎቹ ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል። ክብሪት ክብሪት ይሸታል። ፈታኙ መምህር አጠገቧ ተንበርክኮ እጇን ይዟል።

“አይዞሽ፤ ሌላ ቀን ትፈተኛለሽ” አላት።

“መምህር፣ ትንሽ ልረፍና ዛሬውኑ ልጨርሰው።”

ነርስ ጠርቶ አሳያት። ካረፈች በኋላ ከሰዓት ቢሮው አስቀምጦ ወረቀቱን መለሰላት። ስለ ማሽኑ የጻፈችውን ሰረዘችው። ስለ ክብሪቱ ጻፈች፤ ሰው ለምን እንደሚያሸት፣ ለምን እንደሚርቅ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ።

“ምን ብለሽ ጨረስሽው?” አልኳት።

“ኪኒኑ አገራችን ደርሷል፣ ሰው ግን ገና ይሸሻል ብዬ።” ቀጥላም፣ “እማ፣ አብራኝ የምታድረው ልጅ ፍራሿን ይዛ ሌላ ክፍል ገባች። ትምህርቱ ይብቃኝ። ነገ ቤት እመጣለሁ” አለች።

“የትም እንዳትሄጂ። እኔ እመጣለሁ” አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ተንበርክኬ ጸለይኩ። ምን እንደምሠራ ጌታ አሳየኝ።

ወገኖቼ፣ አስቴር ዛሬም ተማሪ ናት። ዛሬም ኪኒኗን ትውጣለች። ፈጽሞ ቀርቶላታል ብዬ በጌታ ፊት አልዋሽም፤ አልፎ አልፎ ትወድቃለች። መደበቁ ግን ቀርቷል። እግዚአብሔር ይመስገን! ከእናንተም መካከል በጓዳው የደበቀው በሽተኛ ያለው ሰው ካለ፣ ያውጣው። ጌታን ታመኑት፤ አያሳፍርም። ሐኪምም ጋ ውሰዱት።

ያን ጊዜ ጌታ ያሳየኝን ነግሬአችሁ ልቀመጥ። በስልክ በተነጋገርን ማግስት ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ቴፒ ገባሁ። የመኝታ ክፍላቸውን አንኳኩቼ ገባሁ። ፍራሿን ይዛ የወጣችውንም ልጅ አስጠራኋት።

“የአስቴር እናት ነኝ። ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት” አልኳቸው። ከዚያም ነጠላዬን አውልቄ ወለሉ ላይ ተጋደምኩ። “ስትወድቅ በጎኗ ታዞሯታላችሁ። ክብሪት አይለኮስም። ኑ፣ በእኔ ተለማመዱ።”

“ኧረ እማማ፣ ሲሚንቶው ይቀዘቅዝዎታል!” አለች አንዷ።

“እንግዲያው ቶሎ ያዙኝ” አልኳት።