ከመኪና ወርዶ መሳለም

በቤተ ክርስቲያን ደጅ በቅሎ ላይ እንደተቀመጠ የሚያልፍ ሰው በእኛ ቤት ሰው አይባልም ነበር። አባቴ ጭቃው እስከ ጉልበት ቢሆን እንኳ ይወርዳል፣ ይሳለማል፣ ከዚያ ነው መንገዱን የሚቀጥለው። እኔም ከመቱ ጋምቤላ ቡና በበቅሎ ሳመላልስ ዐሥር ዓመት እንዲሁ አደረግሁ።

ጣጣው በመኪና መጣ። አሠሪዬ የመቱው ቡና ነጋዴ የጭነት መኪና ሊገዛ ቆርጦ፣ «ካርቱም ሄደህ መንዳት ተማር። የነጂነት ወረቀት ካመጣህ መኪናው በእጅህ ነው፤ ካላመጣህ ፈረንጅ እቀጥራለሁ» አለኝ። የበቅሎው ሥራ ማብቃቱ ስለነበር ነገሩ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ክረምት የባሮ ወንዝ ሲሞላ ከጋምቤላ በመርከብ ወረድሁ።

የካርቱም መኪና መሪው በቀኝ ነው። እኔ በበቅሎ ልማዴ በግራ እወጣና መሪ አጥቼ ቁጭ እላለሁ። ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። በሁለት ወር መንዳቱን ለመድሁት።

የፈተናው ዕለት ፈታኙ እንግሊዝ አጠገቤ ተቀመጠ። የግብጾች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንደርስ ሳላስበው አቁሜ ወረድሁ። በቅሎ ልጓሟን ብትለቅላት ቆማ ትጠብቅሃለች። መኪናዋ ግን ፈታኙን እንደያዘች ቁልቁል ተንከባለለች። እኔ ሞኙ ከኋላ እየሮጥሁ በኦሮምኛ «ዻበዹ!» እላለሁ፤ ቁሚ ማለቴ ነው። ሰውዬው የእጅ ፍሬኑን ስቦ ባያቆማት ወንዝ ይገባ ነበር።

«ነገ በዚሁ መንገድ አንድ ዕድል እሰጥሃለሁ» አለኝ በዐረብኛ። «እዚያ ደጅ ከቆምህ ግን አበቃ።»

አብሮኝ ያረፈ የጎሬ ሰው፣ «አንተ ሰውዬ፣ በልብህ ተሳለምና እለፍ፤ እግዜር አይቆጣህም» ብሎ መከረኝ። እንደማይቆጣ እኔም አላጣሁትም። የከነከነኝ፣ የት መውረድ እንዳለብኝ ሌላ ሰው ሊወስንልኝ መነሣቱ ነው።

በማግስቱ እዚያው ደጅ አቆምሁ። የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግሁ። ሦስት ጊዜ ሰገድሁ፤ አልቸኮልሁም። ስመለስ ፈታኙ፣ «አልነገርሁህም?» አለኝ።

«ነግረውኛል። መኪናዋን በደንብ አቁሜአታለሁ። የሚፈትኑት መንዳቴን ነው ወይስ እኔን?»

የፈተናዬን ወረቀት ዓይኔ እያየ ቀደደው።

አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው። መቱ ስመለስ አሠሪዬ ፈረንጅ ቀጠረና እኔን ከኋላ ቡናው ላይ ተቀምጬ ጭነት እንድጠብቅ አደረገኝ። በመጀመሪያው ጉዞ ጎሬ ላይ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንደርስ ፈረንጁ ሊያልፍ ሲል ጣራውን በቡጢ ደበደብሁት። ጭነት የወደቀ መስሎት ደንግጦ ቆመ። ወርጄ ተሳለምሁ። ተሳደበ፤ ይሳደብ። በሚቀጥለውም ጉዞ ደበደብሁ። በአራተኛው ሳልነካው ራሱ አቆመና ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀኝ።