ገደሉ ያልመለሰው ክፍል

ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ አንዳንዱን አሳስቼ ይሆናል። ያን ቀን አባቴ የለበሰው ሹራብ ቡናማ ነበር ብዬ እምላለሁ፤ እኅቴ ደግሞ አረንጓዴ ነበር ትላለች። ከእንቁጣጣሽ በኋላ በስንተኛው ቀን እንደሄድንም አንስማማም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማስረጃን ከወሬ መለየት ከተማርኩ ወዲህ፣ ከሁሉ አስቀድሜ መጠራጠር የጀመርኩት የራሴን ትዝታ ነው። ስለዚያ ቀን ግን ከሹራቡ ቀለም ይልቅ የከነከነኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ አባቴ እኔን ለማጽናናት ሲል ዋሽቶ ነበር ወይስ እውነቱን ነግሮኝ ነበር?

የምንኖረው ዳባት ነበር። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ በመሆኑ ዓመቱን ሙሉ ከባንኮኒው ጀርባ አይጠፋም። መስከረም ሲጠባ ግን፣ ዝናቡ ቀለል ካለ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት፣ ገበያ የማይውልበትን አንድ ቀን መርጦ ሱቁን ይዘጋል። እናቴ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና በፔርሙዝ ሻይ ትይዛለች። በማለዳ አውቶቡስ ደባርቅ ደርሰን፣ ከዚያ በእግራችን ወደ ሊማሊሞ አፋፍ እንሄዳለን። የገብሱ ማሳ ገና አረንጓዴ ነው፤ ድንበሩን ግን አደይ አበባ ወርሮታል። እኅቴ አበባውን እየቀጠፈች ጉንጉን ትሠራለች፤ እኔ በየጉድጓዱ የተጠራቀመውን ውኃ እየዘለልኩ ሱሪዬን አጨቀያለሁ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ የሚደረግ አንድ ወግ ነበረን። በሌላ ቤተሰብ ዘንድ አይቼው አላውቅም፤ ምናልባት አባቴ ራሱ የፈጠረው ይሆናል። ልጅ ሁሉ በዚያ ዓመት የሚገባበትን ክፍል ወደ ገደሉ ይጮኻል። ከማዶ ያለው የድንጋይ ግድግዳ ድምፁን ሲመልስ አባቴ፣ “በል፣ ገደሉ መዝግቦሃል፤ ከእንግዲህ ተማሪ ነህ” ይላል። በየዓመቱም ያንኑ ማስጠንቀቂያ ይደግማል፦ “ልብ በሉ፤ ይሄ ገደል ውሸት አይመልስም።”

እኛም አመንን። ለምን አናምን? እስከዚያ ዓመት ድረስ አንድም ጊዜ ሳይመልስልን ቀርቶ አያውቅም።

በዚያ ዓመት ግን እኔ አራተኛ ክፍልን ወድቄ ነበር። በካርዴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ “ይድገም” ተብሎ ተጽፏል። ካርዱን አጣጥፌ ከእናቴ የልብስ ሣጥን ሥር ሸሸግሁትና ለአባቴ፣ መምህራችን ስለታመሙ ካርድ የሚሰጠን መስከረም ላይ ነው አልኩት። ክረምቱን ሙሉ ምሥጢሬን ያወቀችው እኅቴ ብቻ ነበረች። በአንድ ዓመት ታንሰኛለች፤ ሦስተኛን አልፋ አራተኛ ልትገባ ነው። ስለዚህ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ልንቀመጥ ነበር። ዝም ለማለቷ ክፍያ ነበረው፤ የእሷን ተራ ውኃ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። ጀሪካኑን ተሸክሜ ስገባ በሩ ላይ ቆማ፣ “ጎሽ፣ የክፍል ጓደኛዬ!” ትለኛለች፤ እናቴ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ያን ቀን መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ገደሉ ብቻ ነበር። አባቴ ይቆጣኛል ብዬ አልነበረም የምፈራው፤ ተቆጥቶ የመታኝን ጊዜ አላስታውስም። የፈራሁት በእናቴና በእኅቴ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰማይ ሥር፣ ውሸታም ተብዬ መጋለጥን ነው። ገደሉ ዝም ካለ አለቀልኝ።

ከአፋፉ አጠገብ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ በበቀለበት ጥግ ተቀመጥን። አባቴ ከምንጩ ውዱእ አድርጎ የዙሁርን ሶላት ሰገደ። ከበታቻችን ወደ ዛሪማ የሚወርዱ የጭነት መኪናዎች ድምፅ ይሰማል፤ መኪናዎቹ ግን አይታዩም፤ ከቆላው የተነሣ ጉም ገደሉን ከወገቡ በታች ውጦታል።

“በሉ፣ ምዝገባ ተጀምሯል” አለ አባቴ ምንጣፉን እያጠፈ። “ከትንሿ እንጀምር።”

እኅቴ የአበባ ጉንጉኗን እንደደፋች ቀረብ ብላ “አራተኛ ክፍል!” ስትል ጮኸች። ገደሉ ወዲያው መለሰላት። ወደ እኔ ዘወር ብላ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

ተራዬ ደረሰ። “አምስተኛ ክፍል!” አልኩ።

ምንም የለም።

“ኧረ ጮክ በል!” አለ አባቴ እየሳቀ። “ገደሉ አርጅቷል፤ ጆሮው ከብዷል።”

ደገምኩት። በዚህ መካከል ጉሙ አፋፉ ድረስ ወጥቶ ማዶውን ጋርዶ ነበር፤ ነፋሱም ፊታችንን ይመታል። አሁንም ምንም አልተመለሰም። ዛሬ ሳስበው ነገሩ የነፋስና የድምፅ ጉዳይ ነው፤ ምናልባትም ከፍርሃቴ የተነሣ ድምፄ ከአፌ አልወጣ ይሆናል። ያኔ ግን እንዲህ ዓይነት ማብራሪያ አልነበረኝም። ገደሉ አውቆብኛል።

“አባዬ፣ ጉሙ እኮ ነው!” አለች እኅቴ ፈጥና። ክረምቱን ሙሉ ስታሾፍብኝ የከረመችው ልጅ፣ በዚያች ሰዓት ለእኔ ብላ ተከራከረች። “ጉም ሲኖር አይመልስም፤ አይደል እማዬ?”

እሷ ስትከላከልልኝ ይብሱን አልቻልኩም። ማልቀስ ጀመርኩ። “አራተኛ ነኝ” አልኩ። “ወድቄአለሁ። ካርዱ ከሣጥኑ ሥር ነው።”

“ከየትኛው ሣጥን?” አለች እናቴ። “ከእኔ ሣጥን? አንተ ልጅ! ለዚህ ነው ለካ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ስትቀዳ የከረምከው?”

አባቴ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ኮፊያውን አውልቆ ለእናቴ ሰጣትና እጆቹን በአፉ ዙሪያ ደግኖ፣ “አራተኛ ክፍል!” ብሎ ጮኸ። ገደሉ መለሰ። እንደገና “አራተኛ ክፍል!” አለ። ገደሉ እንደገና መለሰ።

“ሁለት ዓመት ተቀምጬባታለሁ” አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። “በል፣ ና፣ አሁን አንተ በል።”

እናቴ ኮፊያውን እንደያዘች፣ “አንተ ደግሞ! የት ተምረህ ነው የደገምከው?” አለችው። ሁላችንም የምናውቀው፣ አባቴ ትምህርት ቤቱ ሱቁ እንደነበረ ነው፤ ራሱም ለደንበኞቹ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነበር። እሱ ግን በትከሻዬ ይዞ ወደ አፋፉ አቀረበኝ። እኔ “አራተኛ ክፍል!” ብዬ ጮኽኩ። ገደሉ ለእኔም የመለሰ ይመስለኛል።

ወደ ደባርቅ ስንመለስ አንድ ገበሬ ከማሳው ጠርቶን የባቄላ እሸት ሰጠን። መንገዱን ሙሉ እየፈለፈልን በላን። አባቴ ስለ ነገሩ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልተናገረም። ሰኞ ግን እኔንና እኅቴን እጅ ለእጅ አያይዞ ወደ አንድ ክፍል አስገባን።

አባቴ ካረፈ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው መስከረም ልጆቼን ይዤ ወደዚያው አፋፍ ሄድኩና ታሪኩን ነገርኳቸው። ታላቅየዋ፣ “አያታችን ግን እውነቱን ነው ወይስ አንተ እንዳታለቅስ ብሎ ነው?” ስትል ጠየቀችኝ። ማታ ለእኅቴ ደወልኩላት።

“ኧረ አልጮኸም!” አለችኝ። “ጆሮህ ላይ አንሾካሾከልህ እንጂ። ጩኸቱን አንተ ነህ የጨመርከው። ደግሞም አባዬ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ልብህ እንዳይሰበር ያለው ነው፤ እሱን እንደሆነ ታውቀዋለህ።”

ይህ አባባል እንቅልፍ አልነሣኝም ብል እዋሻለሁ። ያ ሰው ገደሉ ውሸት እንደማይመልስ ያስተማረኝ ሰው ነው። በሳምንቱ ዳባት ሄጄ፣ በልጅነቱ ሊማርበት ይችል የነበረውን ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል አስከፈትኩ። ሠራተኛዋ፣ “ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ አቧራ ለአንድ ስም?” እያለች የድሮዎቹን ሮስተሮች አወረደችልኝ። አብዛኞቹን ብል በልቷቸዋል።

ገደሉ መመለሱን ማረጋገጥ አልቻልኩም፤ አባቴ መጮኹንም እንዲሁ። ያረጋገጥኩት ይህን ብቻ ነው፦ በተከታታይ ሁለት ዓመታት የአራተኛ ክፍል ሮስተሮች ላይ፣ ከነአባቱና ከነአያቱ ስም፣ የአባቴ ስም ሰፍሯል፤ በሁለተኛው ላይ ከስሙ ጎን በቀይ ቀለም “ደጋሚ” ተብሎ ተጽፏል።