እማማ አኩዋ ያረፉ ዕለት

አንትዊን የማያውቅ ሰው በስልክ ሲያወራ ቢሰማው ፖሊስ ይጠራበታል። «ወላጁን ገደልኩት፣ ልጆቹ ግን አልሞት አሉኝ» ይላል፣ ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅል በበርበሬ እያጠቀሰ። የኮምፒውተር ባለሙያችን ነው፤ ማሽን ውስጥ ወላጅና ልጅ ተብለው ስለሚሮጡ ሥራዎች መሆኑ ነው። እኔ ሴዋ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ የኪራይ ትዕዛዝ ስለምቀበል ለምጄዋለሁ። ድርጅታችን እዚህ ኩማሲ ለለቅሶ ድንኳንና ወንበር ያከራያል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማው የሐዘን ቀይና ጥቁር ለብሶ የሚቀመጠው እኛ ድንኳን ሥር ነው፤ የትኛው ድንኳን ወደ ማን ለቅሶ እንደሚሄድ የሚያውቁት ደግሞ የአንትዊ ማሽኖች ናቸው።

ማሽኖቹ ያሉበት ክፍል በጣም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሰውዬው በዚህ ሙቀት የሱፍ ኮፍያ አድርጎ ነው የሚዞረው፤ ምሳ ሰዓት ላይም አያወልቀውም፣ ያሳፍረናል። ማሽኖቹን ልክ እንደ አገራችን ሰው በተወለዱበት ቀን ስም ይጠራቸዋል። ሲስተም የተጫነበት ቀን ዓርብ ከሆነ ስሙ «ኮፊ» ነው፣ ሐሙስ ከሆነ ደግሞ «ያው» ይባላል። የሁሉ ታላቅ የሆነችው ረቡዕ ስለተጫነች አኩዋ ተባለች፤ ለዕድሜዋ ክብር ብሎ «እማማ» ጨመረበት። ከዚያ በኋላ አንቺ ማለት ቀረ። «እማማ አኩዋን ዛሬ ትንሽ ሙቀት ይዟቸዋል» ይልና ማራገቢያ ያዞርላቸዋል። እኔም ሳላውቀው እሳቸው ማለት ጀመርኩ፣ ምን ይደረግ!

አለቃችን ሚስተር ቦአቼ ግን እማማን አይወዳቸውም ነበር። ምክንያቱ ሊኑክስ የሚባለው ሲስተማቸው ነው።

«አንትዊ፣ ይሄ ሊኑክስ የምትለው ነገር ባለቤቱ ማነው?»

«የሁላችንም ነው ጌታዬ። የፈለገ ሰው ከፍቶ ያየዋል፣ የተበላሸ ካለ ያስተካክላል፣ ለሌላው ይሰጣል።»

«መንገድ ላይ የወደቀ ነገር ነው በለኛ!»

ከአክራ ከረባት ያሰሩ ሰዎች መጥተው ባለቤት ያለው ሲስተም ለቦአቼ ሊሸጡለት ሲለማመጡት ከረሙ። አንድ ቀን ቦአቼ በሩ ላይ ቆመና፣ «እማማህ አንድ ቀን ብቻ ይቁሙና እንተያያለን። እሳቸውም አንተም በአንድ በር ትወጣላችሁ» አለው። አንትዊ ኮፍያውን ጎተት አድርጎ ወደ ማሽኖቹ ተመለሰ። አንጀቴን በላው። ከዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ሌላ ምን ያውቃል? ባዶ እጄን ነው የሚያስወጡኝ አይልም፤ «እማማን ማን ያያቸዋል?» ነው የሚለኝ።

እንዳይደርስ የለምና፣ ሲስተሙ ላይ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ተገኘ ተባለ። በየአገሩ ያሉ የአንትዊ ብጤ እብዶች ተሯሩጠው መድፈኛውን ሠሩና በነጻ ላኩለት። ችግሩ፣ መድፈኛው እንዲሠራ እማማ አኩዋ ጠፍተው መነሳት አለባቸው። ለዓመታት ጠፍተው አያውቁም፤ አንትዊ በዚህ ሲኮራ ለጉድ ነው። አለቃው ከከተማ የወጣበትን ጠዋት ጠብቆ አጠፋቸው። እማማም ጠፉ። መነሳቱ ላይ ግን እምቢ አሉ። ለካ ያን ያህል ጊዜ ሳይጠፋ የኖረ ማሽን ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ፈትሾ ሳይጨርስ አይነሳም። አንትዊ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቆየና በመሥሪያ ቤቱ የዋትስአፕ ግሩፕ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«እማማ አኩዋ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። የሚቻለውን ሁሉ እያደረግን ነው።»

አሁን ማሽን አረፈ ይባላል? ረቡዕ የተወለደች ሴት ሁሉ አኩዋ በሆነችበት ከተማ! የቦአቼ ሚስት እናት፣ የድርጅቱ ግቢ ባለቤት፣ እሳቸውም እማማ አኩዋ ናቸው።

ስልኬ ጮኸ። ቦአቼ እያለቀሰ ነው። «ሴዋ! አማቴን! ድንኳን ታፎ ቤታቸው ላኪ! ትልቁን! ድምፅ ማጉያም!»

«ነፍስ ይማር ጌታዬ» አልኩና የአንትዊን በር ደበደብኩ። «አንተ! እማማ አኩዋ ሞቱ እኮ!»

«ዓይኔ እያየ አይደል እንዴ!» አለኝ ሳይዞር።

«የአለቃችን አማት ነው የምልህ!»

«እሳቸውም? በአንድ ቀን?»

ዛሬስ ለአኩዋዎች ክፉ ቀን ነው አልኩ። እማማ ስለጠፉ የትኛው ድንኳን ነጻ እንደሆነ ማየት አልቻልኩም። ያለውን ሁሉ አስጫንኩና መኪናው ላይ ወጣሁ።

ታፎ ስንደርስ የሴትዮዋ ግቢ በሰው ሞልቷል፤ ሬሳቸው ሆስፒታል ነው ብሎ ሁሉም ገምቷል። ቦአቼ ከሄደበት ተመልሶ ቀድሞን ደርሷል፤ ከራሱ መኪና ኋላ አንድ ትልቅ ፖስተር አውጥቶ በሩ ላይ ሰቅሏል፤ የአማቱ ፎቶ፣ ከላይ «እንዴት ያለ ድንጋጤ!» የሚል ጽሑፍ። ድንኳኑን ዘረጋን፣ ወንበር ደረደርን፣ ከበሮው ተጀመረ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የሁላችንም ስልክ አንድ ላይ ጮኸ። አንትዊ ነው።

«እማማ አኩዋ ተነስተዋል! ልጆቻቸውም ሁሉ ደህና ናቸው!»

ቦአቼ ጮክ ብሎ አነበበው። «ተነስተዋል?» አለ። ይህን ሲል እማማ አኩዋ ራሳቸው፣ ጎደሬ የሞላ ሳፋ ተሸክመው ከገበያ ገቡ።

«ማን ሞቶ ነው?»

ከበሮ መቺው አጥር ዘሎ ሄደ። ቦአቼ በጉልበቱ ተንበረከከ። ሴትዮዋ ሳፋውን አውርደው ወደ ፖስተሩ ተጠጉና ፎቷቸውን ትክ ብለው አዩት።

«ለመሆኑ ይሄ መቼ ተሠራ?»

«እማማ... አምና ነው። አንትዊ ነው እኮ! ለሁሉም ነገር አስቀድማችሁ መጠባበቂያ ያዙ እያለ የሚጨቀጭቀን!» አለ ቦአቼ።

«ጥሩልኝ ይሄን አንትዊን።»

በሞተር ብስክሌት መጣ፣ ከነኮፍያው። ቦአቼ ገና ሲያየው፣ «ተባረሃል! ማሽንህም ዛሬውኑ ይወጣል!» ብሎ ጮኸ። አንትዊ ግን ሴትዮዋ እግር ሥር ወደቀ።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። ሞክሼዎ ማሽን ናቸው። ከሁሉም ታላቅ ናቸው፣ ሁሉም የሚተማመነው በእሳቸው ነው፣ ለዚያ ነው...»

«ስሞትብህ አለቀስክ?»

«አልቅሻለሁ» አለ። ዓይኑ ገና ደም መስሏል።

እማማ አኩዋ ከእኛ ወንበሮች አንዱን ስበው ተቀመጡ። «ቦአቼ፣ ስማኝ። ይሄ ልጅ ጠዋት ገደለኝ፣ ምሳ ሳይበላ ሲያለቅስ ቆይቶ አስነሳኝ። አንተ ግን ከአምና ጀምሮ በመኪናህ ቀብረኸኝ ስትዞር ከርመሃል። የድርጅትህ ግቢ የኔ ነው። ሞክሼዬ ካለችበት አትነቃነቅም፣ እሱም ከአጠገቧ አይሄድም።»

«እሺ እማማ» አለ ቦአቼ፣ ፖስተሩን ለመቅደድ እየተነሳ።

«ተው፣ አትቅደደው! ልጁ መጠባበቂያ ያዙ ያለው እውነቱን ነው። ለኔ ስጠኝ፤ በኔ ፎቶ ላይ ያንተን አስለጥፌ አስቀምጠዋለሁ።»