የእድሩ ድንኳን ምሰሶና የባቡሩ ሽቦ

ባለቤቴን የገደለው ባቡር አይደለም። እኛ ባለንበት በሸዋ ሮቢት ዳር ባቡር ሲያልፍ አይቼ አላውቅም። የገደለው ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ ነው።

የእድራችን ዕቃ ቤት ከሐዲዱ ማዶ ነው። ጎረቤት ሞቶ ባለቤቴና ሌሎች የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሊያመጡ ሲነሱ፣ "በድልድዩ ሥር ዙሩ፤ ሽቦው ኤሌክትሪክ አለው ተብሎ ተጽፏል" አልኩት።

"ባቡር በሌለበት ምን ኤሌክትሪክ አለ?" ብሎ ሳቀብኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ነው!

ሲመለሱ ረጅሙን የብረት ምሰሶ የተሸከመው እሱ ነበር። ሐዲዱ መሐል ሲደርስ ትከሻው ደከመውና ምሰሶውን አቆመው። አብረውት የነበሩት ሽቦውን አልነካውም ብለው ይምላሉ። መንካት መቼ ያስፈልጋል? ያን ያህል ኃይል ሲጠጉት ዘሎ ይይዛል። ለቀስተኛው ግን "ቀኑ ደርሶ ነው" ይለኛል። ቀኑን በትከሻው ተሸክሞ ያደረሰው እሱ ራሱ ነው።

ያንኑ ምሰሶ ለእሱ ለቅሶ እኔ ግቢ ተከሉት። ከሥሩም ተቀምጠው ካርታ ተጫወቱ።

በሠልስቱ ድንኳኑ ፈረሰ። ሁለት ጎረምሶች ምሰሶውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ።

"በየት ልትሄዱ ነው?" አልኳቸው።

"በሐዲዱ ነዋ፣ እትዬ። በድልድዩ ሥር የመስኖ ውሃ ተኝቶበት ጭቃ ነው።"

"እሱ አቁሞት ነው እንጂ እኛማ አጋድመን ነው የምንይዘው" አለ ሌላው። "ደግሞ ጫማችን ጎማ ነው።"

"የእሱም ጎማ ነበር" አልኩና ሄጄ ምሰሶው ላይ ተቀመጥኩ።

የእድሩ ዳኛ መጡ። "ተነሺ እንጂ፤ ነውር ነው፣ ሰው እያየሽ።"

"ጋሼ፣ ነውሩን ይተዉና ዙሩ ይበሏቸው።"

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቆመው ተያዩ፤ ስለ ሴት ግትርነት የሚያውቁትን ሁሉ ተናገሩ። እኔ አልተነሣሁም። በመጨረሻ ዳኛው በከዘራቸው ወደ ድልድዩ አመለከቱ።

አላመንኳቸውምና በጥቁር ልብሴ ተከተልኳቸው። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ገብተው፣ እየተራገሙ በወዲያኛው በኩል ወጡ። አንዱ ዞር ብሎ፣ "ይኸው፣ ደስ ይበልዎ!" ሲል ጮኸብኝ።

በማግስቱ የዚያ የጮኸብኝ ጎረምሳ ሚስት ሱሪውን እያጠበች ስትነጫነጭበት በአጥሩ በኩል ሰማኋት። እሱም ይመልስላታል።